ባለጉዳዩ ስንት ቀን ጠበቀ? የወረዳ ጽሕፈት ቤት አፈጻጸምና ምርታማነት መለኪያ መመሪያ

ለስልጠና ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የሚመጡ የወረዳ ባለሙያዎችና የሥራ ሂደት መሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ሪፖርታችን በየሩብ ዓመቱ ከ90 በመቶ በላይ ነው፤ በር ላይ ያለው ሰልፍ ግን አልቀነሰም። እንዴት ነው መለካት ያለብን?» መልሱን አንድ ቦታ ላይ ላስቀምጠው ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት።

ለምሳሌ የወሰድኩት የገጠር መሬት ጽሕፈት ቤትን ነው። ገበሬው ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ ወይም በባጃጅ የሚመጣበት ቢሮ ስለሆነ አንድ ቀን መጉላላት ምን እንደሚያስከፍል በደንብ ያሳያል። ወሳኝ ኩነት፣ ንግድ ፈቃድ ወይም ማዘጋጃ ቤት ብትሆኑም አሠራሩ ያው ነው። የአገልግሎቱን ስም ብቻ ቀይሩ።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙ። የዕቅድ አፈጻጸም መቶኛ የሚነግራችሁ ካቀዳችሁት ምን ያህሉን እንደሠራችሁ ነው። ዕቅዱ ዝቅ ካለ 100 በመቶ መድረስ ቀላል ነው። ባለጉዳዩ የሚቆጥረው ሌላ ነው፤ መጀመሪያ ከመጣበት ቀን ጀምሮ ወረቀቱ እጁ እስኪገባ ስንት ቀን ፈጀ፣ ስንቴስ ተመላለሰ። አፈጻጸም ስል ይህን ነው። ምርታማነት ደግሞ ለዚያ ሥራ ስንት የሰው ሰዓት እንደወጣ ያሳያል። ሁለቱን ለየብቻ ለኩ። አንዱ ሲሻሻል ሌላው ሊበላሽ ይችላል፤ ከቀላቀላችኋቸው ይህ አይታያችሁም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሰፊ ገጽ ያለው መዝገብና ማስመሪያ
- ተራ ቁጥር የተጻፈባቸው ቁራጭ ካርዶች
- የግድግዳ ሰዓትና የአገራችን ካላንደር
- ካልኩሌተር። ኤክሴል ካለ ጥሩ ነው፤ ከሌለም ሥራው አይቆምም። መብራት በሄደ ቁጥር የሚቋረጥ ልኬት ዋጋ የለውምና በወረቀት ጀምሩ።
- የሠራተኞች የሰዓት ፊርማ፣ የፈቃድ፣ የስብሰባና የስልጠና ማስታወሻ
- በዜጎች ቻርተራችሁ (ለባለጉዳይ በገባችሁት የአገልግሎት ቃል ሰነድ) ላይ የተጻፈው የጊዜ ስታንዳርድ
- ነጭ ሰሌዳ ወይም ፍሊፕ ቻርት
- መዝገቡን የሚይዝ አንድ ሰው። የሚለካውን ሥራ ራሱ የሚሠራ ባለሙያ ባይሆን ይመረጣል። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ወይም የመረጃ ዴስክ ላይ ያለ ሰው ይበቃል።

ደረጃ 1፦ ቀኑን የምትለኩበትን አንድ አገልግሎት ምረጡ

ብዙ ቅሬታ የሚነሣበትን ውሰዱ። በመሬት በኩል ውርስና ስጦታ ጥሩ መጀመሪያ ናቸው። ሁሉንም በአንዴ ለመለካት የተነሣ ጽሕፈት ቤት መዝገቡን ብዙም ሳይቆይ ይተወዋል። የሌሎቹን አገልግሎቶች ያለቀ ብዛት ብቻ ቁጠሩ፤ ለደረጃ 5 ትፈልጉታላችሁ።

ደረጃ 2፦ መነሻውንና መድረሻውን በጽሑፍ ወስኑ

ልኬት የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ብዙ ቢሮ ቀኑን መቁጠር የሚጀምረው «ማስረጃው ከተሟላ በኋላ» ነው። ሰውየው ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ሊሆን ይችላል፤ ያ ሁሉ ግን ከሪፖርቱ ውጭ ይቀራል። ስለዚህ ሁለት መነሻ ያዙ። አንደኛው ባለጉዳዩ መጀመሪያ ደጃችሁን የረገጠበት ቀን ነው። ሁለተኛው የተሟላ ማስረጃ ይዞ የመጣበት ቀን ነው።

ሁለት መነሻ የሚያዘው ችግሩ የት እንዳለ ለመለየት ነው። በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለው ጊዜ ከረዘመ ሰው ምን ይዞ መምጣት እንዳለበት አያውቅም ማለት ነው። መድኃኒቱ የሚፈለጉ ማስረጃዎችን ዝርዝር ቀበሌ ላይ መለጠፍና በር ላይ ለሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች ማስረዳት ነው፤ ባለሙያ መጨመር እዚህ ላይ ምንም አይፈይድም። ከሁለተኛው ቀን በኋላ ያለው ጊዜ ከረዘመ ግን ችግሩ ቢሮው ውስጥ ነው።

መድረሻው ባለጉዳዩ ፈርሞ ወይም አሻራ አድርጎ የተረከበበት ቀን ይሁን። ተፈርሞና ማኅተም ተመቶበት መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ የመሬት ይዞታ ደብተር ያለቀ ጉዳይ ተብሎ አይቆጠርም።

ደረጃ 3፦ መዝገቡን አስምሩ

ስምንት ዓምድ ይበቃል፦ ተራ ቁጥር፣ የአገልግሎት ዓይነት፣ ቀበሌ፣ መጀመሪያ የመጣበት ቀን፣ ማስረጃ ያሟላበት ቀን፣ የተረከበበት ቀን፣ የመመላለስ ምልክት፣ የምክንያት ፊደል። ለባለጉዳዩ ያንኑ ተራ ቁጥር በካርድ ስጡት። በመጣ ቁጥር ካርዱን ሲያሳይ መዝገቡ ላይ ማግኘት ቀላል ይሆናል።

ጉዳዩ ሳያልቅለት በተመለሰ ቁጥር አንድ ጭረት ጨምሩና ምክንያቱን በፊደል ጻፉ፦

ሀ — ማስረጃ ጎደለ
ለ — ባለሙያው ወይም ፈራሚው አልነበረም
ሐ — ፋይል አልተገኘም
መ — መብራት ወይም ሲስተም የለም
ሠ — የሌላ መሥሪያ ቤት ምላሽ ይጠበቃል

አንድ መስመር እንዴት እንደሚሞላ እንይ። አንዲት እናት ታኅሣሥ 3 ለውርስ መጡ፤ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አልያዙም፤ ሀ። ታኅሣሥ 17 ይዘው መጡ፤ ባለሙያው መስክ ወጥቷል፤ ለ። ታኅሣሥ 20 መጡ፤ ፋይሉ አልተገኘም፤ ሐ። ጥር 15 ደብተራቸውን ተረከቡ። መዝገቡ ላይ ሦስት ጭረትና «ሀ ለ ሐ» ይታያል።

እዚህ ላይ ማስረጃ ያሟሉበት ቀን ታኅሣሥ 17 ነው። ባለሙያው ያን ቀን አልነበረም ተብሎ ታኅሣሥ 20 አይጻፍም። እሳቸው የድርሻቸውን አሟልተዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ቀን የቢሮው ነው።

ደረጃ 4፦ ቀኑን በትክክል ቁጠሩ

የአገራችን ካላንደር ለዚህ ሥራ ምቹ ነው፤ ከጳጉሜን በቀር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ነው። መስከረምን 1፣ ጥቅምትን 2 እያላችሁ ለወሩ ቁጥር ስጡ። ከወሩ ቁጥር 1 ቀንሱ፣ በ30 አባዙ፣ ቀኑን ደምሩ።

ታኅሣሥ 3፦ 3 × 30 + 3 = 93
ታኅሣሥ 17፦ 3 × 30 + 17 = 107
ጥር 15፦ 4 × 30 + 15 = 135

እኒያ እናት ከመጀመሪያ ቀናቸው 42 ቀን፣ ማስረጃ ካሟሉ ደግሞ 28 ቀን ጠብቀዋል።

ጉዳዩ ዘመን ከተሻገረ የድሮውን ቁጥር ከ365 ቀንሱና አዲሱን ደምሩ። ነሐሴ 20 ቁጥሩ 350 ነው፤ መስከረም 15 ደግሞ 15። 365 ሲቀነስ 350፣ ሲደመር 15፣ 30 ቀን ይመጣል። ጳጉሜን 6 በምትሆንበት በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ በ365 ፈንታ 366 ያዙ።

ኤክሴል የምትጠቀሙ ከሆነ የእኛን ቀን እንደ ቀን አታስገቡ። ፕሮግራሙ የሚቆጥረው በፈረንጆቹ ነው። ጥቅምት 30ን 30/2 ብላችሁ ብትጽፉ ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው ቀን አድርጎ አይቀበለውም። የከፋው ዝም ብሎ የሚቀበለው ነው። ኮምፒውተሩ ቀንን ከወር እንዲያስቀድም ከተስተካከለ፣ ጥር 30ን 30/5፣ የካቲት 1ን 1/6 ብትሉ ልዩነቱን 2 ቀን ይላችኋል፤ ሜይ 31 ቀን ስላለው ነው። እውነቱ 1 ቀን ነው። ከላይ ያሰላችሁትን ቁጥር አስገቡ፣ ችግሩ ይቀራል።

የምትቆጥሩት የካላንደር ቀን ይሁን። ባለጉዳዩ እሑድንም ይጠብቃል። የቻርተሩ ስታንዳርድ በሥራ ቀን ከተጻፈ ግን ሁለቱን ከማወዳደራችሁ በፊት ወደ አንድ ዓይነት ቀይሩ።

ደረጃ 5፦ ሥራዎቹን መዝኑ

የኪራይ ውል መመዝገብና ውርስ ማዛወር እኩል አይደክሙም። ሁለቱንም «አንድ ጉዳይ» ብሎ መቁጠር ከባዱን የሚሠራውን ባለሙያ ይጎዳል። ባለሙያዎቹን ሰብስባችሁ ከየዓይነቱ አሥር አሥር ጉዳይ ላይ የሚፈጀውን የእጅ ሥራ ደቂቃ ያዙ። መጠበቂያው አይቆጠርም። ቀላሉን 1 ብላችሁ ሌሎቹን በስንት እጥፍ እንደሚበልጡት ጻፉ። ለምሳሌ፦ ቅጂ ማስረጃ 1፣ ኪራይ 2፣ ስጦታ 4፣ ውርስ 6።

ይህ ምን እንደሚለውጥ ተመልከቱ። አንድ ጽሕፈት ቤት በአንድ ወር 60 ቅጂ፣ 45 ኪራይ፣ 12 ስጦታና 9 ውርስ ጨረሰ እንበል። በብዛት 126 ጉዳይ ነው። በክብደት ግን 60 + 90 + 48 + 54 = 252 ነው። በሚቀጥለው ወር 90 ቅጂ፣ 30 ኪራይ፣ 6 ስጦታና 4 ውርስ ጨረሰ። ብዛቱ 130 ሆነ፤ ሪፖርቱ «ጨመረ» ይላል። ክብደቱ ግን 90 + 60 + 24 + 24 = 198 ነው። ሥራው ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ቀንሷል። ከባዶቹ ጉዳዮች ወደ ጎን ተትተዋል ማለት ነው፤ ሰልፉ የሚረዝመውም እዚያ ነው።

ክብደቱን አንዴ ከወሰናችሁ ዓመቱን ሙሉ አትንኩት። ከነካካችሁት ወር ከወር ማወዳደር አይቻልም።

ደረጃ 6፦ የሰው ሰዓት ቁጠሩ

የመንግሥት ሠራተኛ መደበኛ የሥራ ሳምንት 39 ሰዓት ነው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ 8 ሰዓት፣ ዓርብ ደግሞ ለጁምዓ ሶላት የምሳ ሰዓቱ ስለሚረዝም 7 ሰዓት። ዓርብን እንደ ሌላው ቀን 8 ብሎ መቁጠር በየሳምንቱ በየሰው አንድ ሰዓት የሌለ ሥራ ይጨምራል።

አራት ባለሙያ ለአራት ሳምንት፦ 4 × 39 × 4 = 624 ሰዓት። ይህ የተከፈለበት ሰዓት ነው። አሁን ያልነበሩበትን ቀንሱ። አንድ ሰው ለአንድ ሳምንት ፈቃድ ወጣ፣ 39። አራቱም በመደበኛ ቀን ሁለት ቀን ስብሰባ ተቀመጡ፣ 64። ሁለት ሰው ለአንድ ሳምንት ለተፋሰስ ዘመቻ ቀበሌ ወረደ፣ 78። የቀረው 443 ሰዓት ነው። የመስክ ልኬት ግን አይቀነስም፤ እሱ ራሱ ሥራው ነው።

በደረጃ 5 ያገኛችሁትን የወሩን ክብደት ለሁለቱም ሰዓት እያካፈላችሁ ምርታማነትን አስሉ፦

252 ÷ 443 = 0.57 (በቦታው በነበሩበት ሰዓት)
252 ÷ 624 = 0.40 (በተከፈለበት ሰዓት)

የመጀመሪያው የባለሙያዎቹን አሠራር ያሳያል። ሁለተኛው ጽሕፈት ቤቱ ሰዓቱን በምን እንደሚያጠፋ ያሳያል። ሁለቱ በጣም ከተራራቁ ጥያቄው ስብሰባና ዘመቻ ለሚጠሩት አመራሮች ነው፤ ባለሙያውን «ለምን አልሠራህም» ማለት ተገቢ አይሆንም። እኔ ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብባል የመጀመሪያዋን ክፍልፋይ እመርጣለሁ። የሠራተኛውን ላብ በትክክል የምታሳየው እሷ ነች።

ደረጃ 7፦ የቀኑን ቁጥር አስሉ

አራት ነገር አውጡ።

*የመሐል ቁጥር።* ባለሙያዎች ሚዲያን ይሉታል። ቀኖቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድራችሁ መሐል ላይ ያለውን ውሰዱ። አሥራ አንድ ጉዳይ እንዲህ ፈጁ እንበል፦ 3፣ 4፣ 4፣ 5፣ 6፣ 7፣ 8፣ 9፣ 12፣ 41፣ 88። አማካዩ 17 ቀን ነው። የመሐሉ 7 ነው። አሥራ ሰባት ቀን የጠበቀ ሰው ግን አንድም የለም። አማካዩን ወደ ላይ የጎተቱት 41ና 88 ናቸው። የመሐሉን ቁጥርና ረጅሙን ቁጥር ጎን ለጎን ጻፉ። የመሐሉ የብዙኃኑን፣ ረጅሙ የተረሳውን ሰው ይናገራል።

*በስታንዳርዱ ውስጥ ያለቀ።* ስታንዳርዱ 10 ቀን ቢሆን ከአሥራ አንዱ 8ቱ ደርሰዋል፤ 73 በመቶ።

*ውዝፍ።* ያላለቁ ጉዳዮች ከላይ ባለው ስሌት ውስጥ የሉም። ይህን ከዘለላችሁ ከባድ ጉዳይ ባለመጨረስ ብቻ ቁጥራችሁ ያማረ ይመስላል። በወሩ መጨረሻ ያልተረከቡትን ቁጠሩ፣ የእያንዳንዱን ዕድሜ በቀን ጻፉ፣ ትልቁን ዕድሜ ለብቻው አውጡ።

*መመላለስ።* ጭረቶቹን ደምሩ፣ ለባለጉዳዮቹ ብዛት አካፍሉ። ከዚያ የትኛው ፊደል እንደበዛ ቁጠሩ። ቀጣይ ሥራችሁን የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ደረጃ 8፦ መዝገቡ እውነት መሆኑን አረጋግጡ

በየወሩ አሥር ተራ ቁጥር በዕጣ አውጡ። ፋይላቸውን ከመዝገብ ቤት አስመጡና ቀኖቹን ከማመልከቻውና ከርክክቡ ፊርማ ጋር አመሳክሩ። ከአሥሩ ሦስት ካልገጠመ የዚያን ወር ቁጥር ለሪፖርት አታውሉት።

ከዚያ ለአምስቱ ስልክ ደውሉ። እዚህ ላይ ጥያቄው ወሳኝ ነው። የወሎ ሰው «በአገልግሎቱ ረክተዋል?» ተብሎ ሲጠየቅ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው» ወይም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምን አለብኝ» ይላል። እንግዳ አያሳፍርም፤ በዚያ ላይ ነገ ለሌላ ጉዳይ ይመጣል። በዚህ መንገድ የተሰበሰበ የእርካታ መቶኛ ሁልጊዜ ከፍ ይላል፣ ምንም ግን አይነግራችሁም። የሆነውን ጠይቁ፦

«እንደምን ዋሉ አባባ? ከመሬት ጽሕፈት ቤት ነው የምደውለው። ደብተርዎ ደርሶዎታል? ለዚህ ጉዳይ ስንት ጊዜ መጡ? መጨረሻ ላይ ሲመጡ ማንን አገኙ? ከደረሰኝ ውጭ የከፈሉት ነገር አለ?»

የሚመልሱላችሁ ቁጥር ከጭረቶቻችሁ ከበለጠ መዝጋቢው ሁሉንም መመላለስ እየያዘ አይደለም። የመጨረሻውን ጥያቄ የቢሮው ሰው ባይጠይቅ ይሻላል፤ የቅሬታ ሰሚ ባለሙያ ይደውል።

ደረጃ 9፦ ለጥፉ፣ አንድ ነገር ቀይሩ፣ እንደገና ለኩ

አራቱን ቁጥሮችና ሁለቱን የምርታማነት ክፍልፋዮች ባለጉዳይ በሚያየው ሰሌዳ ላይ ጻፉ። ከዚያ በጣም የበዛውን ፊደል ያዙ። «ለ» ከበዛ የመስክ ቀን ለይታችሁ በር ላይ ለጥፉ፣ ለፈራሚውም ተወካይ አስቀምጡ። «ሐ» ከበዛ መደርደሪያውን በቀበሌ አደራጁ። በአንድ ወር አንድ ለውጥ ብቻ አድርጉ። ሦስት ነገር በአንዴ ከቀየራችሁ ቁጥሩ ሲሻሻል የትኛው እንደሠራ አታውቁም።

ማስጠንቀቂያ

- ቢያንስ ለሁለት ሩብ ዓመት ይህን ቁጥር ከግለሰብ የውጤት ነጥብ ጋር አታያይዙት። ሠራተኛው ነጥቡን ለማዳን ቀላሉን ጉዳይ መርጦ ይይዛል፤ ከባዱ ይወዘፋል። መዝገቡ ላይም ጭረት ይጠፋል።
- ሰሌዳው ላይ የባለጉዳይ ስም፣ ስልክ ወይም የመሬት ክርክር ዝርዝር አይጻፍ። ተራ ቁጥር ብቻ።
- ፍጥነትን ብቻ አትለኩ። ያለቀ ደብተር በስህተት ምክንያት ተመልሶ ከመጣ እንደ አዲስ ጉዳይ አትመዝግቡት። በድሮው ተራ ቁጥሩ ይቀጥል፤ ቀኑም ከመጀመሪያው ይቆጠር።

የተለመዱ ስህተቶች

*በአንድ ሳምንት ልኬት መደምደም።* ሥራው በገበያ ቀን ይከመራል። ባቲ ሰኞ ገበያ ነው፤ ሰው ገበያ የመጣበትን ቀን ለቢሮ ጉዳዩም ይጠቀምበታል። ቢያንስ አንድ ሙሉ ወር ለኩ፤ የእናንተን ገበያ ቀን ለብቻው አውጥታችሁ እዩት።

*ከሌላ ወረዳ ጋር መፎካከር።* የደጋ በልግ አራሽና የቆላ ወረዳ የሥራ ወቅታቸው አይገጥምም። የቀበሌው ርቀትም ይለያያል። ከራሳችሁ ያለፈ ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር አወዳድሩ።

*ሰዓትን ማደባለቅ።* አንዱ 8:30 ሲል ከሰዓት በኋላውን፣ ሌላው በኮምፒውተሩ ሰዓት የጠዋቱን ይጽፋል። ሁሉም በአገራችን ሰዓት ይጻፍ።

*ተከማችቶ መሞላት።* ዓርብ ከሰዓት ተቀምጦ የሳምንቱን መዝገብ በትዝታ መሙላት። ጭረት ባለጉዳዩ ቆሞ እያለ ይደረግ፤ ካለፈ አይሞላ።

*ሩብ ዓመቶችን እንደ እኩል ማየት።* የበጀት ዓመቱ የመጀመሪያ ሩብ ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው። ጳጉሜን ስላለችበት 95 ወይም 96 ቀን ይሆናል፤ ሌሎቹ 90 ናቸው። በዚያ ላይ የዘመን መለወጫና የመስቀል ዝግ ቀኖች አሉበት። ስለዚህ የሩብ ዓመቱን ድምር አታወዳድሩ፤ ለሰው ሰዓት የተካፈለውን ቁጥር አወዳድሩ።